በዘጠና ቀን ሦስት ጊዜ

የበረራ መዝገቤን በስልኬ መብራት እያየሁ እንደገና እቆጥራለሁ። በጨለማ ተነስቼ ያረፍኩት ሁለት ጊዜ ነው። ከነሱ በፊት ያለው ዘጠና ሦስት ቀን ሆኖታል።

«ስንት አገኘህ?» ትላለች ባለቤቴ። የአውሮፕላን ማቆሚያው በር ላይ ሻንጣዋን አስተኝታ ተቀምጣበታለች።

«ሁለት።»

«የሚያስፈልገውስ?»

«ሦስት። በዘጠና ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ በጨለማ ተነስቶ ያላረፈ ሰው ማታ ተሳፋሪ መጫን አይችልም። ብቻውን ከሆነ ግን እንደ ልቡ።»

«እኔ ተሳፋሪ ነኝ እንዴ?»

«ነሽ።»

አትስቅም፣ አትቆጣም። እናቷ ከታመመች ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልክ ስናለቅስ ከርመን አልቆብናል። ዛሬ አመሻሹ ላይ እህቷ ደውላ «ሐኪሙ ሌሊቱን አትዘልቀውም አለ፤ እማዬ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ አንቺን ነው የምትጠብቀው» ስትላት እንኳ ባለቤቴ «እሺ» ብላ ነው የዘጋችው። በመኪና ሰባት ሰዓት ነው። የሕዝብ ማመላለሻው አውሮፕላን በቀትር ሄዷል። የእኔ ባለ አራት ወንበር አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ይፈጅበታል።

የበረራ ክለባችን ዘበኛ ጎማ ሥር ያለውን እንጨት እያነሳ «ኧረ ዶክተር፣ በዚህ ሰዓት ማን ይቆጥርብዎታል? ዝም ብለው ሦስት ብለው ይጻፉት እንጂ!» ይለኛል።

እውነቱን ነው፣ ማንም አይቆጥርብኝም። ግን እኔ ጥርስ ሐኪም ነኝ፤ አብራሪነቴ የእሁድ ነው። ሁለቱን ጊዜ ከበረርኩም ሁለት ወር አልፏል። ደንብ አክባሪ ሆኜ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። እጄን አላመንኩትም፤ እሷን ጭኜ ልሞክረው ደግሞ አልፈልግም።

«አንድ ዙር ብቻዬን ዞሬ ልረፍ። ስምንት ደቂቃ ነው።»

«ሦስት ሳምንት ጠብቃ የለ» ትላለች። «ስምንት ደቂቃ አያቅታትም። ሂድ።»

እሄዳለሁ። ማማው ላይ ያለችው ተቆጣጣሪ ፈቃድ ትሰጠኛለች፣ ቃሏን መልሼ እደግምላታለሁ፣ እነሳለሁ። የከተማው መብራት በግራዬ ይዘረጋል። እጄ ሥራውን አልረሳም፤ ከመሬት የያዝኩት ፍርሃት ትንሽ ይለቀኛል።

አማቴ ስለ እኔ ለጎረቤቶቿ «ጥርስ መንቀል አልበቃው ብሎ ክንፍ አበቀለ» ትላለች አሉ። ስንት ጊዜ ላሳፍራት ለመንኳት። «መሬት ምን በደለችኝ?» እያለች አንድም ቀን እሺ አላለችም። ልጇን ግን አትከለክላትም፤ «እንዳትጥልብኝ ብቻ» ነው የምትለኝ። እወዳታለሁ። ዛሬ ግን ያንን መውደድ ብፈልገው አላገኘውም፤ ከፍታና ፍጥነት ብቻ ነው የሚታየኝ።

ወደ ማኮብኮቢያው ልታጠፍ ስል ሬዲዮው ይናገራል።

«ባሉበት ይዙሩ። ትልቅ አውሮፕላን ሊያርፍ ነው።»

«ባለሁበት እዞራለሁ።»

እዚህ ሰማይ ላይ ያለ ፈቃድ ወደ ማኮብኮቢያው መታጠፍ የለም። በሽተኛ ይዣለሁ ብል ያስቀድሙኝ ነበር። የያዝኩት ግን ሦስት ባዶ ወንበር ነው። አንዴ እዞራለሁ። ትልቁ ያርፋል። ሌላ ይከተላል። «ይቀጥሉ፣ ይዙሩ» ትለኛለች። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ እዞራለሁ። በዞርኩ ቁጥር ታች በሩ ላይ ያለው አምፖል በክንፌ ሥር ያልፋል፤ ሰው ግን አይለይም።

ሳርፍ ሃያ ስድስት ደቂቃ ሆኗል። ጎማው መሬት ሲነካ አልተሰማኝም፣ በሕይወቴ እንደዚያ አርፌ አላውቅም። እየነዳሁ ወደ በሩ እመጣለሁ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ መዝገቡን ጭኔ ላይ አድርጌ ሦስተኛውን እጽፋለሁ። ሰዓቱንም አልረሳም።

ቀና ስል ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞት ቆሟል። ባለቤቴ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች ነው።

የፈሩት ይደርሳል። ደረሰ። ውስጤን እሰማዋለሁ፤ መርፌ እንደተወጋ ድድ ነው፣ እንዳለ ታውቃለህ እንጂ አያምህም።

ዘበኛው ሻንጣውን ከኋላ ያስገባል። «መቼ?» እለዋለሁ በቀስታ። «እርስዎ እላይ ሲዞሩ» ይለኛል፣ «አሁን፣ ከአስር ደቂቃ በፊት»። አሰላዋለሁ። ዝም ብዬ ይዣት ብነሳ ኖሮ ያኔ መንገዳችንን ገና አናጋምስም ነበር። አንደርስም። ግን ስልክ አየር ላይ አይሠራም፤ አጠገቤ ተቀምጣ፣ የምንሄድበት ከተማ እስኪታይ ድረስ፣ እናት ይኖራት ነበር። ያንን አንድ ሰዓት ነው የነሳኋት።

ባለቤቴ ትገባለች። በሩን ትዘጋለች፣ እንዳልተከፈተ ገፋ አድርጋ ታየዋለች፣ ቀበቶዋን ታስራለች። ሞተሩን አስነሳለሁ።

«ራስዎን ጨምሮ ስንት ሰው ይዘዋል?» ትለኛለች ተቆጣጣሪዋ።

«ሁለት።»

«መንገዱ ክፍት ነው፣ ከፊትዎ ማንም የለም። መነሳት ይችላሉ።»

ቃል በቃል እደግምላታለሁ። ድምፄ ደህና ነው። እጄ የነዳጅ መስጫውን እስከ ጫፍ ሊገፋው ሲል ባለቤቴ እጇን እጄ ላይ ታደርጋለች፤ ቀዝቃዛ ነው።

«ቀስ በል» ትለኛለች። «አሁን እኮ አንቸኩልም።»