የሮኪያ ግራ እጅ

ሱሃይሚ በኮኮናት ወተት የበሰለውን ሩዝ በማንኪያ ዝቆ ወደ እናቱ አፍ ሲያስጠጋ፣ ሮኪያ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ከፏፏቴው ሥር በተነጠፈው ሰሌን ዙሪያ የተቀመጠው ቤተሰብ ሁሉ መብላቱን አቆመ። ከስትሮኩ ወዲህ አልታዘዝ ያላቸው ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ነበር።

«እማ፣ አፍሽን ክፈቺ እንጂ! ሰው እኮ እያየን ነው።»

«ይየን! ጡት ያልጣልኩ ሕፃን መሰልኩህ?» አሉና ግራ እጃቸውን ሩዙ ወደቀረበበት የሙዝ ቅጠል ሰደዱ።

«በግራ? ኧረ ነውር ነው! ልጆቹ ምን ይማራሉ?»

«አያታቸው እጅ እንዳላት ይማራሉ። ደግሞም ታጥቤዋለሁ።»

ሩዙን ከድልሁ ጋር አድበለበሉት። ባልለመደው እጃቸው ሁለት ጊዜ ፈረሰባቸው፤ በሦስተኛው ጸና። ሁሉም ወደ አፋቸው እስኪወስዱት ሲጠብቅ፣ ሮኪያ ክንዳቸውን በሰሌኑ ላይ ዘርግተው ጉርሻውን ከልጃቸው ከንፈር ፊት አቆሙት። በአቅራቢያው የሚዝናኑት ጎረቤቶች ሳይቀሩ ዞረው ያዩ ነበር።

«እንካ፣ አንተ ክፈት።»

ሱሃይሚ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ከዚያም ማንኪያውን አስቀምጦ አፉን ከፈተ።