ቀይ ሊቀባ የነበረው ሰፈር

ባለሙያዋ ቀዩን እርሳስ ስትቀርጽ የፖሊስ ጣቢያው መዝገብ ያዥ ዓይኑን ከካርታው አልነቀለም። ሌሎቹ ሰፈሮች ቢጫና ብርቱካናማ ተቀብተው አልቀዋል። የቀረው አንድ ነው፤ እሱ የተወለደበት፣ እህቱም እስከ ዛሬ የምትኖርበት።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከችው የወንጀሉን ቁጥር ከሕዝቡ ቁጥር ጋር እንድታመሳክር ነው። ከሺህ ነዋሪ ስንት ሰው እንደተወጋ፣ ስንቱ እንደተፈነከተ አስልታ ጨርሳለች። ከቀትር በኋላ ካርታው ምክር ቤት ይቀርባል። ቀይ የሆነው ሰፈር ይፈርሳል፤ ነዋሪው ይበተናል።

«ጋሼ፣ እዚህ ያለው ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?» አለችው። «ግማሹ እኮ አዛውንት ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ማንን ነው የሚወጉት?»

እህቱ ከአዛውንቶቹ አንዷ ናት። እንኳን ሰው ልትወጋ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታት ከርሟል።

ይኼኔ «የተፈጸመበት ቦታ» የሚለው ዓምድ ላይ ዓይኑ አረፈና ነገሩ ገባው። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ አዲስ ተቀጣሪ ሳለ፣ ፖሊሶቹ ወንጀሉ የት እንደተፈጸመ እየተጨቃጨቁ ቢያስቸግሩት፣ ቁስለኛውን ያገኛችሁበትን ጻፉና ገላግሉኝ ብሎ ነበር። ቁስለኛ የሚገኘው ደግሞ ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያ ያለው እዚያው ሰፈር፣ እሱም አንድ ለእናቱ። አለቆቹ ለቅልጥፍናው የምስጋና ወረቀት ሰጥተውታል።

ጡረታ ሊወጣ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ቢናገር የሠላሳ ዓመት ልፋቱ ገደል ገባ።

«እርሳሱን አስቀምጪው ልጄ» አላት። «የሚወጉት ሌላ ቦታ ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ሊድኑ ነው። እንደዚህ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ባለሙያዋ እርሳሱን አስቀመጠች። ከዚያ ንጹሕ ወረቀት ስባ ስሕተቱን ጻፈች፤ ከሥሩም የእሱን ሙሉ ስም ከነአያቱ። ስትጨርስ፣ ያን ሁሉ ቁስለኛ በምን ያመጡት እንደነበር ጠየቀችው።

«በበር ነዋ» አላት። እሱ ልጅ ሳለ አንድ ጊዜ የማያውቁት ሰው ተወግቶ መንገዱ ዳር ወደቀ። አባቱ የቤታቸውን በር ከማጠፊያው ነቀለ፤ ጎረቤት አራቱን ማዕዘን ያዘ፤ ሰውየውን አጋድመው በሩጫ አደረሱት። እናቱ በሩን በሳሙና ፈትጋ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። እስኪደርቅ ቤታቸው ሦስት ቀን ያለ በር ከረመ፤ በሦስቱም ቀን ሳትጠራ የገባችው የጎረቤት ዶሮ ብቻ ነበረች።