ለቲያትሩ የተቀቡ ጠመንጃዎች

ጓድ አንዳርጋቸው ከአብዮቱ በፊት ባሕር ዳር ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ ትኬት ይቀድድ ነበር። የቀበሌ ሊቀ መንበር ከሆነ በኋላም ሥራው ብዙ አልተለወጠም፤ አሁን የሚቀድደው ሰው ነው።

በነሐሴ መጨረሻ መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን አስጠራቸው። መሪጌታ የዘጌን አብያተ ክርስቲያናት ሲሥሉ ያረጁ ሰው ናቸው። አንድ ልጃቸው ሣህሉ፣ የኮሌጅ ተማሪው፣ «ፀረ አብዮተኛ» ተብሎ የቀበሌው እስር ቤት ከገባ ሰንብቷል።

«ጓድ መሪጌታ» አለ አንዳርጋቸው እየሳቀ። «ለአብዮት በዓል የኪነት ቡድናችን ቲያትር ያሳያል። ጠመንጃ ያስፈልገዋል። በረባሶ ሰፊው ከመኪና ጎማ ቀርጾልናል፣ አንተ ብረት አስመስለህ ትቀባዋለህ።»

«እኔ እኮ የቅዱሳን ሠዓሊ ነኝ…»

«ልጅህ እንዲፈታ ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

መሪጌታ ብሩሻቸውን ሊያመጡ ሄዱ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ኃጥእ የሚሣለው በጎኑ ነው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በመንገዱ ሁሉ አንዳርጋቸውን በአንድ ዓይኑ በልባቸው ሣሉት። ከዚያ በላይ የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

ሥራው በቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ ሆነ። ሰደፋቸው እንጨት፣ የቀረው ጎማ የሆነ ጠመንጃዎች ወለሉ ላይ ተረፈረፉ። ለናሙና ከአብዮት ጥበቃ እውነተኛ ጠመንጃዎች አንዱ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ከጎን ባለው አዳራሽ የኪነት ቡድኑ ያንኑ አንድ መዝሙር ቀኑን ሙሉ ያበላሸዋል።

ዘበኛው አለበል በሩ ላይ እየተንጠራራ ይውላል። መሪጌታ ሲወጡ ጋቢያቸውን ያስገልጣል፣ ጥምጥማቸውን ሳይቀር ይዳብሳል። ይህን ያዘዘው አንዳርጋቸው ነው።

«የደብተራ ነገር አይታመንም» ይለዋል ዘበኛውን፣ መሪጌታ እየሰሙ። «ጎማውን ሰቅሎ ብረቱን ይዞ ይጠፋል። ዓይንህን አትንቀል!»

መሪጌታ ጥላሸት በተልባ ዘይት ለወሱ፤ የእርሳስ ዱቄት ነሰነሱበትና በጨርቅ አሹት። ጎማው ብረት መሰለ። ለዝገቱ የሸክላ ዱቄት ጨመሩ። ውርደታቸውን እየረሱ ሄዱ፤ ሙያ ክፉ ነው፣ ለማን እንደሚሠራ አይጠይቅም።

አንዳርጋቸውን ማርካት ግን ጭንቅ ነበር። ከሐይቁ ማዶ ካሉ፣ ትናንት አድኃሪ ሽፍታ ይላቸው ከነበሩ ሰዎች የተላከለትን የበግ ጥብስ እየጎረሰ ይመጣና ስህተት ይፈልጋል።

«ይኼ ቀሏል። ተዋናዩ ላብ ሊያልበው ይገባል» አለ አንድ ቀን። ሰደፎቹ ተቦርቡረው ቁርጥራጭ ብረት ተሞሉ።

ሌላ ቀን ደግሞ የእውነተኞቹን ቁጥር በየጎማው ላይ እንዲያሰፍሩ አዘዘ።

«ለቲያትር ቁጥሩን ማን ያየዋል ብለው ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ሰፊውን ሕዝብ ትንቃለህ?»

መሪጌታ ቁጥሩን ጻፉ።

ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው ወለተ ጊዮርጊስ እንባዋን እየጠረገች ጠበቀቻቸው።

«ያ ሰው ልጄን የሚፈታ ይመስልዎታል? ለምን ብረቱን አያወጡትም? ለወንድሜ ቢሰጡት፣ የእስር ቤቱን በር ያስከፍትበታል።»

«ዝም በይ፣ ግድግዳ ጆሮ አለው» አሏት። «እኔም አስቤበታለሁ።»

በማግስቱ አለበል ሲያንጎላጅ እውነተኛውን ጠመንጃ ከግድግዳው አወረዱና ጎማውን በቦታው ሰቀሉ። አለበል ነቃ፤ ግድግዳውን አየ፤ አዛጋ። ሁለቴ አየው፤ ምንም አልመሰለውም። ሙከራው እንደሠራ ያዩት መሪጌታ ዘበኛው ዞር እስኪል ጠበቁ። ብረቱን ቀስ ብለው መለሱት። ነገ በጋቢዬ ሥር ይዤው እወጣለሁ፣ ቢያዙኝም ይያዙኝ ብለው ቆረጡ።

ነገ ግን አላስፈለገም። አንዳርጋቸው በጠዋት መጥቶ አንዱን ጎማ ብድግ አደረገና «ይኼ ናሙናው ነው አይደል?» አለ።

«አይደለም፤ እኔ የሠራሁት ነው።»

አንዳርጋቸው አፈሙዙን በጣቱ ገፋ አድርጎ አየው፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። «በቃ፣ ጨርሰሃል። ልጅህ ተፈትቷል።»

መሪጌታ ጎንበስ አሉ። እግሩን ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም፤ የዚያን በአንድ ዓይኑ የሣሉትን ሰውዬ!

«አብዮቱ መሐሪ ነው» አለ አንዳርጋቸው። «ግን ስሙን ያጥራ። ከነገ ወዲያ ከሌሎቹ እስረኞች ጋር ሐይቁ ማዶ ሽፍታ ለማሰስ ይሻገራል። ሽፍቶቹ ጠመንጃ ሲያዩ ይሸሻሉ፤ ማታ ቤቱ ነው።»

«ጠመንጃ ይዞ አያውቅም እኮ።»

«ሁሉም አያውቁም። ይለምዱታል።»

በመሻገሪያው ዕለት ከደብረ ማርቆስ የመጣ አንድ ሻለቃ ወደቡ ላይ ቆሞ ነበር። የቀበሌው ጠመንጃ እየተሸጠ ነው የሚል ወሬ ደርሶት፣ መሣሪያው ለግዳጅ ሲወጣ በዓይኑ ሊያይ ነው የመጣው። አንዳርጋቸው እስረኞቹን አንድ በአንድ ወደ ጀልባዋ ሲያስገባ በየትከሻቸው ጠመንጃ በገዛ እጁ አንጠለጠለላቸው።

«ማዶ እስክትደርሱ ማንም እንዳይነካካው!» አለ ጮክ ብሎ።

ሻለቃው ቆጥሮ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

መሪጌታና ወለተ ጊዮርጊስ ዳር ቆመው ነበር። መሪጌታ ያን ስርቆት ሳይፈጽሙ እግዚአብሔር ስላወጣቸው አማተቡ። ሣህሉ ከስቷል፤ ግን ይስቃል።

«አባባ፣ ለእራት ጠብቁኝ!»

«እንጠብቅሃለን ልጄ!» አሉ መሪጌታ እጃቸውን እያውለበለቡ።

ጀልባዋ ስትነሣ ሣህሉ ተንገዳግዶ ቁጭ አለ፤ የያዘው ጠመንጃ አፈሙዝ የጀልባዋን ጠርዝ ነካና እጥፍ አለ።