የእትዬ ሕመም

በበዓሉ ማግስት ጠዋት፣ ሰዓት ሠሪው አንድ ትልቅ ተክል በአንሶላ ጠቅልሎ፣ እንደ በሽተኛ አቅፎ ወደ አበባ መሸጫው ገባ።

«እትዬ ታመዋል» አለ።

ሻጯ ዙሪያዋን አየች። ሌላ ሰው አልነበረም።

«እትዬ የምንላቸው እሳቸውን ነው» አለ፣ ተክሉን ባንኮኒው ላይ እያሳረፈ። «እናቴ የተከለቻቸው እኛን ከመውለዷ በፊት ነው። የሁላችንም ታላቅ ናቸው። እሷ ካረፈች ወዲህ ዘመድ በየበዓሉ እኔ ቤት የሚሰበሰበው እሳቸው ስላሉ ነው። ትናንት ግን አክስቴ የተረፋትን ሻይ አፈራቸው ላይ ደፋችው። ከነስኳሩ።»

ሻጯ ስለ ዕፅዋት አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። ስለ ቅጠል ሲጠይቋት አንደበቷ ይፈታል፤ ስለ ሌላ ነገር ሲጠይቋት መሬት መሬት ታያለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ «አንቺን የሚያገባ ሰው መጀመሪያ ችግኝ መሆን አለበት» ይሏታል።

አፈሩን በንጹሕ ውሃ ደጋግማ አጠበች። የጠቆሩትን ቅጠሎች ቆረጠች፤ የቀሩትን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። እትዬ ስምንት ቀን ሱቁ ውስጥ ተኙ። ሰዓት ሠሪው ስምንቱንም ቀን ባርኔጣውን አውልቆ ሊጠይቅ መጣ።

«እንዴት አደሩ?» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዛሬ ይሻላቸዋል» ትለዋለች። ተክሉን አንቱ ማለት መጀመሯን ልብ አላለችውም።

በዘጠነኛው ቀን እትዬ ዳኑ። ሻጯ ግን ደስ አላላትም። የዳነ በሽተኛ ሐኪም ቤት አይመለስም፤ አስታማሚውም እንደዚያው።

«ይህ ማጠናከሪያ ነው» ብላ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሰጠችው። «በየጠዋቱ አንድ ክዳን ያፍስሱላቸው። ሲያልቅ ባዶውን ይመልሱልኝ።»

የጠርሙሱን አንገት ከነክዳኑ በቀይ ክር ሦስት ጊዜ ጠምጥማ ቋጥራዋለች። ስታፍር እጇ ሥራ ይፈልጋል።

ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ውሃና ሁለት ማንኪያ ጨው ነው። እትዬን ልትገድላቸው አይደለም። ትንሽ ብቻ እንዲያማቸው ነው።

የሚቀጥለው በዓል ባለፈ ማግስት ሰዓት ሠሪው እትዬን አቅፎ ተመለሰ። አፈራቸው ውስጥ ሦስት የሲጋራ ቁራጮች ተተክለዋል።

«ከዘመዶችዎ የሚያጨሰው ማነው?» አለች።

«ማንም» አለና ቆም ብሎ፣ «ማለቴ… ማንም አላመነም።»

በሦስተኛው በዓል አንድ ሰፊ ቅጠል በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

«ልጆች ናቸው» አለ።

«ልጆች አሉ እንዴ?»

«የእህቴ ልጅ አለች። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች።»

ሻጯ አልመረመረችም። ዋናዋን ጥፋተኛ ታውቃታለችና።

ለእትዬ ጥበቃ ተደረገ። ሻጯ ባዘዘችው መሠረት ከሰው መተላለፊያ ተነስተው ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ዙሪያቸውን ገመድ ተወጠረ። ጡረታ የወጡ አንድ አጎት ወንበር ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡና የሚጠጋውን እንግዳ ሁሉ ኪሱን መፈተሽ ጀመሩ። የገዛ ባለቤታቸውን እንኳ ሁለቴ ፈትሸዋል። እትዬ ግን በአራተኛውም በዓል ታመሙ። ሻጯ አዳነቻቸው፤ እንደ ልማዷም አዲስ ጠርሙስ ቋጠረች።

«ባዶዎቹስ?»

«ውይ፣ ዛሬም ረሳኋቸው» አለ።

በአምስተኛው ጊዜ አክስቲቱ አብረውት መጡ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ፣ ባንኮኒውን በመዳፋቸው መታ አድርገው። «ያን ጊዜ ሻዩን የደፋሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። በዚህ በዓል ግን ዘመድ ሁሉ ሠርግ ሄዶ ነበር። ከእሱ በቀር እዚያ ቤት ዝር ያለ ሰው የለም። እትዬ ግን ይኸው ጠውልገዋል። ይህ የሰው እጅ ነው!»

«ጨው» የሚለው ቃል የሻጯ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ሰዓት ሠሪው ጫማውን ያይ ነበር፤ ጆሮው ቲማቲም መስሏል። በአክስቱ ጩኸት ያፈረ መሰላት።

አክስቲቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ድምፃቸው ለዘብ አለ።

«ለነገሩ መላ አለው» አሉ። «በሽተኛ ከሚመላለስ፣ ሐኪም እዚያው ብትገባ ምን አለበት?»

ተጋቡ።

እትዬ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ታመው አያውቁም። ገመዱ ተፈታ፤ አጎትየውም ከጥበቃ ተሰናበቱ። በዓል በመጣ ቁጥር ቤቱ በዘመድ ይሞላል፤ የእትዬ ቅጠል ኮርኒስ ነክቷል። ባልየው ለእንግዳው ሁሉ «የባለቤቴ እጅ መድኃኒት ነው» ይላል። ሚስቱ ያን ጊዜ ሳህን የምታነሳ መስላ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ያቺ ሻጭ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምግብ ላይ ጨው ስነሰንስ ባሌን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ግን የመጣው ይምጣ ብዬ ልነግረው ቆረጥኩ። እስኪመለስ ስጠብቅ እጄ ሥራ ፈለገና የእሱን የሰዓት መሣሪያ መሳቢያዎች ማስተካከል ጀመርኩ። በታችኛው ውስጥ ሦስት ፍሬ ብቻ የጎደለው ያረጀ የሲጋራ ፓኬት ነበር። ከፓኬቱ ኋላ አራት ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

አራቱም ሙሉ ናቸው፤ ቀዩ ክር እንደቋጠርኩት ነው።