ለአባትህ ያወራሁት

«አልፈቅድም ይበሉ እማማ፤ አንዲት ቃል ነች» ብላ ጠበቃቸው በአሮጊቷ ጆሮ አንሾካሾከች። እኔ የችሎቱ ፀሐፊ ከፊታቸው ስለምቀመጥ ሹክሹክታ አያመልጠኝም። ለችሎት ያልተባለ ግን አልጽፍም፤ ደንባችን ነው።

አዲሱ ሕግ ከእሳቸው ጋር ነው። ሰው መኝታ ቤቱ ውስጥ ሳያውቅ የተቀዳ ድምፁ፣ ራሱ ካልፈቀደ በቀር፣ ማስረጃ አይሆንም። ልጃቸው ግን «እናቴ አእምሯቸው ተዛብቷል፣ ሞግዚታቸው ልሁን፣ ቤቱንም እኔ ላስተዳድር» ብሎ አመልክቷል። ማስረጃዬ የሚለው ደግሞ አሮጌ ስልክ ነው፤ ቻርጅ የሚያደርግ መስሎ አልጋቸው ራስጌ ትቶት የቀዳበት። አይ ልጅ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «እናቴ፣ ድምፁ እንዲሰማ ይፈቅዳሉ? ካልፈቀዱ ስልኩን እንመልሳለን። ከፈቀዱ ግን ቤትዎን ሊያሳጣዎት ይችላል።»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ሰምተኸዋል?»

ልጁ ጠበቃውን አየት አደረገ። «ሙሉውን አልሰማሁም። የሚሰማውን ክፍል እሱ ነው የመረጠው።»

«እንግዲያው ይሰማ» አሉ።

ጠበቃቸው ዓይኗን ጨፈነች። እኔም በሆዴ፣ ሴትዮዋ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው አስረከቡ አልኩ።

ስልኩ ተከፈተ። መጀመሪያ የአልጋ ሲጢጥታ፣ ቀጥሎ የእሳቸው ድምፅ ተሰማ፤ አጠገባቸው ሰው የተቀመጠ ያህል ዘና ያለ ነው።

«ዛሬ ጉልበቴን ሻል ብሎኛል። ልጅህ ከሥራ እንደተመለሰ መጣ። ሾርባውን እሱ አሞቀው፤ አብረን በላን። አንተኑ ነው የሚመስለው፤ ሳይቀምስ ጨው ይጨምራል። ሰላም በይልኝ ብሎሃል።»

የልጁ ጠበቃ ስልኩን አቆመና ተነሣ። «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ባለቤታቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። አመልካችም ያን ምሽት እሳቸው ዘንድ አልሄደም። ከሞተ ሰው ጋር ያወራሉ፤ ያልሆነውንም ሆነ ይላሉ።»

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እንዳለው ጻፍኩ።

ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቴ፣ ባለቤትዎ በሕይወት አሉ?»

«ራሴ አይደለሁ እንዴ የቀበርኩት፣ ጌታዬ። ማታ ማታ ማውራት ለምዶብኝ ነው እንጂ ሞቱ አልጠፋኝም።»

«ልጅዎስ ያን ዕለት መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ በሩን ሲከፍት እሰማዋለሁ። ገብቶ ቀጥ ብሎ ወደ ክፍሉ ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ ለምን መጣ አሉ?»

አሮጊቷ የሻርፓቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ። «አባቱ ሲሞት ‹እናትህ ብቻዋን እንዳትበላ› ብሎ አደራ ሰጥቶታል። ታዲያ ልጅህ አደራህን በላ ብዬ የሞተ ሰው ላሳዝን? የልጄን ገመና ለገዛ አባቱ እንኳ አልገልጥም።»

ስንት የወላጅና የልጅ ሙግት ጽፌያለሁ። እንደ እሳቸው አንጀቴን የበላኝ ሰው ግን የለም።

ልጁ ብድግ አለ። ጠበቃው በኮቱ ጎተተው፤ አልተቀመጠም።

«አመልካች» አሉ ዳኛው፣ «ከእናትህ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብራችሁ የበላችሁት መቼ ነው?»

ጥያቄውን ጻፍኩ። ከሥሩ «መልስ» ብዬ ጣቶቼን የኮምፒውተሩ ፊደሎች ላይ አሳርፌ ጠበቅሁ። ልጁ አንዴ ወደ ጣሪያው፣ አንዴ ወደ ስልኩ አየ።

«እማዬ» አለ፣ ፊቱን ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ እሳቸው አዙሮ።

ለችሎት የተባለ አይደለም። ከ«መልስ» ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ።