ባሱስ?

የሰርቨር ክፍሉ ማራገቢያዎች ጩኸት ጆሮ ያደነቁር ነበር። ቴክኒሻኑ ከጠዋት ጀምሮ ተንበርክኮ አንዱን ካርድ ሲነቅልና ሲሰካ ውሎ ወገቡ ሊቆረጥ ደርሷል። አለቃው ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ እየደወለች የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ባሱስ?» ባስ የምትለው ካርዶቹ ሁሉ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገሩበትን የጋራ መስመር ነው።

ስልኩ እንደገና ጠራ። የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ እያሸ፣ ማን እንደደወለ ሳያይ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ሸጎጠው። በጩኸቱ ውስጥ ከሴትዮዋ ንግግር የሰማው «ባስ» የምትለዋን ብቻ ነበር። ትዕግሥቱ አለቀ።

«አርጅቷል እኮ!» ብሎ ጮኸ። «ከዚህ በላይ አይለፋበትም፤ አውጥቶ መጣል ነው!»

ሊዘጋው ሲል ስክሪኑን አየ። እህቱ ናት። ላጲሱን ጥሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ በሩ ሲዘጋ ጩኸቱ ቀረ።

«አባባ ባሰበት ነው እኮ ያልኩህ» አለች በተሰበረ ድምፅ። «ድምፅህን ይስማ ብዬ ስፒከር ላይ አድርጌህ ነበር።»

ከአጠገቧ ሳል ተሰማ፤ ከሳሉ በኋላ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ተይው ልጄ፣ አትቆጪው። እውነቱን እኮ ነው፤ አርጅቻለሁ።»