እግር ማስረገጥ

ደርበው አፋፉ ላይ ተቀምጦ መጫኛውን በመዳፉ ጨብጧል። በመጫኛው ሌላ ጫፍ ወገቡን ታስሮ ከገደሉ ሥር የሚወጣው ወንዳለ ነው፤ ወንድሙን የገደለበት ሰው። ሽማግሌዎቹ እንደ አገሩ ደንብ ፈርደዋል። ሁለቱ ብቻቸውን አምባው ላይ ወጥተው በታቦቱ ደጅ ዳግም ደም ላይፈላለጉ ይማማላሉ፤ ገዳዩን በመጫኛ የሚያወጣው የሟች ወንድም ነው።

የአምባውን መንገድ አገር ረስቶታል። ያለው ከድንጋዩ የተፈለፈለ የእግር መርገጫ ብቻ ነው። ሽቅቡን ልብ ያለው ይወጣዋል። ቁልቁል ግን መርገጫው ለወራጁ አይታይም፤ መጫኛ ከሌለ፣ ቀድሞ የወረደ ሰው ከሥር ሆኖ እግሩን እየያዘ ማስረገጥ አለበት።

ደርበው ስለ መውረዱ አላሰበም። ያሰበው ከአፋፉ ሥር ስላለው ልሙጥ ድንጋይ ነው። ያንን ድንጋይ በመጫኛ ሳይንጠለጠል ያለፈ የለም ይባላል፤ ደርበውም ራሱ መጫኛውን ከላይ ባለ ጉቶ ላይ ወርውሮ አጥልቆ ነው የወጣው።

ከልሙጡ ሥር የወንዳለ ድምፅ መጣ።

«አጥብቀህ ያዝ።»

«ይዣለሁ» አለና መዳፉን ከፈተ። መጫኛው ሽው ብሎ ገደል ገባ።

ጩኸት ጠበቀ። የመጣው ግን እጅ ነው። ከእጁ ቀጥሎ አቧራ የለበሰ ፊት፣ ከዚያ ምንም ያልታሰረበት ወገብ።

«ፈትቼው ነው የጠራሁህ» አለ ወንዳለ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ሐሳብህን ልወቅ ብዬ።»

ደርበው ቁልቁል አየ። አንድም መርገጫ አይታይም።

ወንዳለ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ፣ አሁን ረግጦ የወጣበትን በእግሩ እየዳበሰ መውረድ ጀመረ። ከአፋፉ በላይ ጭንቅላቱ ብቻ ሲቀር ቀና አለ።

«መሐላው ይቅርብን። በል ና፣ እግርህን እኔ አስረግጥሃለሁ።»